ከማብሪያው እስከ መጋዘኑ፦ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተሮችና አካባቢያችን

አንድ ቅዳሜ ምሽት ከቤተ ሙከራ ስንወጣ በአንድ የተቆለፈ የኮምፒዩተር ክፍል መስኮት ብርሃን አየን። ተጠግተን ስንመለከት ተማሪም መምህርም በሌለበት ክፍል ውስጥ 40 ኮምፒዩተሮች በርተዋል፤ በየስክሪኑም ላይ ስክሪን ሴቨር የሚባለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከዳር ዳር ይመላለሳል። የጥበቃ ሠራተኛውን ጠየቅናቸው። «ሰኞ ጠዋት ተማሪ እስኪገባ እንዲህ ነው የሚያድሩት» አሉን። በአነጋገራቸው ውስጥ አንዳች መገረም አልነበረም።

እኛ ግን የፊዚክስ ሰዎች ነንና ወረቀትና እርሳስ አነሣን። አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ ሥራ ፈቶ ሲበራ 80 ዋት ገደማ ይወስዳል ብንል፣ አርባዎቹ በድምሩ 3.2 ኪሎዋት ይወስዳሉ። ይህ መጠን ለአንባቢያችን ቤት እንግዳ አይደለም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት ከሚወስደው ኃይል ጋር ይቀራረባል። እንግዲያው ያ ክፍል ሊጥ ሳይፈስበት ሌሊቱን ሁሉ ግሎ የሚያድር ምጣድ ነበር ማለት ነው።

በሳምንት ውስጥ 168 ሰዓታት አሉ። ክፍሉ ለትምህርት የሚያገለግለው 50 ሰዓት ቢሆን፣ በቀሪው 118 ሰዓት 378 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በከንቱ ይባክናል። የትምህርቱ ዘመን 40 ሳምንት ነው ብንል ድምሩ ወደ 15,000 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ማሽኖቹ ሥራ ሲፈቱ በራሳቸው «እንዲተኙ» ቢደረግና እያንዳንዳቸው 3 ዋት ብቻ ቢወስዱ ኖሮ፣ የሳምንቱ ብክነት ከ378 ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይወርድ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን የኃይል አጠቃቀም ቅንብር ማስተካከል ነው።

ኃይሉ የት ይሄዳል?

የውኃ ፓምፕ ኤሌክትሪክ ወስዶ ውኃ ወደ ላይ ያወጣል፤ ወፍጮ እህል ይፈጫል። ኮምፒዩተር የወሰደውን ኃይል ምን ያደርገዋል? መልሱ አጭር ነው፦ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የ80 ዋት ኮምፒዩተር ለክፍሉ አየር የ80 ዋት ማሞቂያ ነው። በክፍሉ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ካለ ደግሞ ይህንኑ ሙቀት መልሶ ለማውጣት ሌላ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ሦስት አሐድ ሙቀት ለማስወጣት አንድ አሐድ ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃልና ለአንዱ ብክነት ሁለት ጊዜ እንከፍላለን።

ይህ ሁሉ ሙቀት የግድ ነውን? ሮልፍ ላንዳወር የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ አንድ ቢት መረጃ ለማጥፋት ተፈጥሮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ዋጋ በክፍል ሙቀት 3 × 10⁻²¹ ጁል ገደማ ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ከዚህ ወሰን እጅግ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ስለዚህ ከማሽኑ የሚወጣው ሙቀት በአብዛኛው የተፈጥሮ ሕግ ያስገደደው ሳይሆን የአሠራራችንና የአጠቃቀማችን ውጤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። ስክሪን ሴቨር ኃይል አይቆጥብም። የተፈጠረው በቀድሞዎቹ ባለ ካቶድ ጨረር ቱቦ ስክሪኖች ላይ አንድ ምስል ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ቆሞ የውስጡን ሽፋን እንዳያበላሸው ነው። በዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ግን መብራቱ በርቶ ፕሮሰሰሩም ሥዕሉን ሲስል ያድራል።

ለእኛ ትልቁ ሸክም የቱ ነው?

ስለ «አረንጓዴ ኮምፒዩቲንግ» በውጭ ሀገር የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከላይ ካነሣነው የኤሌክትሪክ ብክነት ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል በሚገኝበት ሀገር ይህ ትክክል ነው። በሀገራችን ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ይህንኑ አጠናክሮታል። ስለሆነም አንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንቆጥብ የምናስቀረው የካርቦን ልቀት በከሰል ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ይህ ማለት ግን መብራቱ ይባክን ማለት አይደለም። አንደኛ፣ ገና ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ብዙ ወገን አለ። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ዩኒቨርሲቲው ወደ ጄኔሬተር ይዞራል። አንድ ሊትር ናፍጣ በጄኔሬተር 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ሲቃጠልም ወደ 2.7 ኪሎግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በዚያን ሰዓት እነዚያ 40 ሥራ ፈት ኮምፒዩተሮች በየሰዓቱ ከአንድ ሊትር በላይ ናፍጣ ያቃጥላሉ።

ይሁንና ትልቁ ሸክም ያለው ማሽኑ ከሶኬት ጋር ከመገናኘቱ በፊትና ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከባለ 17 ኢንች ቱቦ ስክሪኑ ጋር ለመሥራት ቢያንስ 240 ኪሎግራም የማዕድን ነዳጅ፣ 22 ኪሎግራም ኬሚካልና 1,500 ኪሎግራም ውኃ እንደሚያስፈልግ አስልተዋል። ነዳጁ ብቻውን የዕቃውን ክብደት አሥር እጥፍ ያህላል። ምክንያቱ የሲሊከን ቺፕ እጅግ ጥቃቅን በሆነ ጥራት፣ በብዙ እርከን፣ በከፍተኛ ንጽሕና የሚሠራ መሆኑ ነው። ዛሬ ማሽኑ ተለውጧል፤ ቁጥሩም አብሮ ተለውጧል። ነገር ግን በላፕቶፖች ላይ አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጧቸው ዘገባዎች እንኳ ከዕድሜ ልክ የካርቦን ልቀቱ አብዛኛው የሚፈጠረው በምርት ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ማካፈል ነው። ያ 240 ኪሎግራም ነዳጅ አራት ዓመት ለሚያገለግል ማሽን በዓመት 60 ኪሎግራም፣ ስምንት ዓመት ለሚያገለግል ግን 30 ኪሎግራም ይሆናል። ኤሌክትሪኩን ከውኃ ለሚያገኝ ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ የተሻለው አረንጓዴ ኮምፒዩተር አዲሱ ሳይሆን ረጅም ዘመን የሚያገለግለው ነው። የውጭ መመሪያዎችን እንደወረዱ ከመቅዳት ይልቅ ቅደም ተከተሉን ለራሳችን ሁኔታ ማስተካከል ይኖርብናል የምንለው ስለዚህ ነው።

የዕድሜ ጠላቶች

በካምፓሶቻችን የኮምፒዩተርን ዕድሜ የሚያሳጥሩት በዋናነት አቧራ፣ ሙቀትና የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ናቸው። አቧራ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ተከማችቶ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያደርጋል። ዓመት ሙሉ ሳይከፈት የቆየን ሲስተም ዩኒት በነፋስ መንፊያ ማጽዳት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለማሽኑ ግን ዓመታት ሊጨምርለት ይችላል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተመሠረተች ናት፤ የአየሯ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም ሙቀት የሚሸከመው የአየር ክብደት ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት 1.3 እጥፍ ያህል አየር መንቀሳቀስ አለበት። ተፈጥሮ በአንድ እጇ የነሣችንን ግን በሌላው መልሳልናለች፤ የደጋው አየር ቀዝቃዛ ነው። ለሰርቨሮች ተስማሚ ተብሎ የሚመከረው መግቢያ አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በደጋ ካምፓሶች የውጭው አየር በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ከዚህ ጣሪያ አይበልጥም። አቧራውን በማጣሪያ አስቀርቶ የውጭውን አየር ወደ ሰርቨር ክፍል ማስገባት የአየር ማቀዝቀዣውን ለብዙ ሰዓታት ሊያሳርፈው ይችላል። በእርግጥ ይህ እንደ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ስፍራዎች አይሠራም።

ከመብራት መቆራረጥ የሚጠብቀን ዩፒኤስ በበኩሉ የራሱ ጣጣ አለው። በውስጡ ያለው የእርሳስና አሲድ ባትሪ በተለመደው ሁኔታ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በዙሪያው ያለው ሙቀት ከሚመከረው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግን ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አንዱ ትንሽ ባትሪ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ ቢመዝን ከግማሽ በላዩ እርሳስ ነው። ለ40 ማሽን 40 ባትሪ ብንል በየጥቂት ዓመቱ ከ50 ኪሎግራም የማያንስ እርሳስ ከአንድ ክፍል ብቻ ይወጣል ማለት ነው። ዩፒኤሱን ከፀሐይና ከሙቀት ማራቅ ታዲያ ገንዘብንም መሬትንም ማዳን ነው።

የሚሠራው ማሽን «አረጀ» ሲባል

አንዳንድ ጊዜ ማሽኑ ሳይበላሽ የሚያረጀው ሶፍትዌሩ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 የተወሰኑ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችንና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ፣ ምንም ያልጎደላቸው በርካታ ኮምፒዩተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መጋዘን መላክ ቀላሉ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ለጽሕፈት፣ ለፕሮግራም ትምህርትና ለኢንተርኔት የሚያገለግሉት ማሽኖች በነጻ በሚገኘው ሊኑክስ ሊሠሩ ይችላሉ። ተጨማሪ ራም መግጠምና የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መተካትም የዘገየውን ማሽን ያነቃቃዋል።

ሆኖም ማንኛውንም አሮጌ ዕቃ እንታቀፍ ማለታችን አይደለም። ከ70 ዋት በላይ የሚወስድ ባለ ቱቦ ስክሪን 20 ዋት ገደማ በሚበቃው ጠፍጣፋ ስክሪን ቢተካ ተገቢ ነው። ከውጭ በስጦታ የሚላክልንን ኮምፒዩተርም ከመቀበላችን በፊት ዕድሜውን፣ የመለዋወጫውን ሁኔታና ቀሪ አገልግሎቱን መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁለት ዓመት አገልግሎ የሚሞት ስጦታ የላኪውን ቆሻሻ ወደ እኛ ማዛወር ነው።

የመጋዘኑ ጥያቄ

ለመሆኑ ከአገልግሎት የወጣው ማሽን የት ይገባል? በብዙ መሥሪያ ቤቶች መልሱ «መጋዘን» ነው። የንብረት ኃላፊው በመዝገብ የሰፈረን ዕቃ በራሱ ፈቃድ ማስወገድ አይችልም፤ ተጠያቂነት አለበት። ስለዚህ ዕቃው ይከማቻል፤ ዝናብና አይጥ ይገባበታል። በመጨረሻም ኮሚቴ ተቋቁሞ ጨረታ ይወጣና ከፍተኛ ዋጋ ለሰጠው ይሸጣል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገዢው የሚፈልገው መዳቡን፣ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ነው። ሽቦው ከነፕላስቲኩ ሲቃጠል ዳይኦክሲንን የመሰሉ መርዘኛ ጋዞች ይወጣሉ። በኪሎግራም የሚቆጠር እርሳስ ያለበት የስክሪን መስተዋት ተሰብሮ ይጣላል፤ የባትሪው አሲድ ወደ ቦይ ይደፋል። እርሳስ በሕፃናት አእምሮ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ደኅና ነው የሚባል መጠን የለውም። ጨረታው ለዩኒቨርሲቲው ጥቂት ብር ሲያስገኝ፣ ዕዳውን የሚከፍሉት ጓንት ሳያደርጉ መዶሻ የሚያነሡት ወጣቶችና በአካባቢው የሚጫወቱት ልጆች ናቸው።

የእኛ ብቻ ችግርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። አደገኛ ቆሻሻ ከሀገር ወደ ሀገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀ ሲሆን ኢትዮጵያም አባል ናት። በሀገር ውስጥም የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷል። ሕጉ አለ፤ የሚቀረው በየግቢው ወደ ሥራ መለወጡ ነው።

ምን እናድርግ?

በእኛ አስተያየት አንድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ አራት ነገሮችን ሊጀምር ይችላል። አንደኛ፣ የኮምፒዩተር ክፍሎች ማሽኖቹ ሥራ ሲፈቱ በ15 ደቂቃ ውስጥ እንዲተኙ ይቀናበሩ። ሁለተኛ፣ የግዥ ኮሚቴዎች ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሚጠገን መሆኑን፣ የመለዋወጫ አቅርቦቱን፣ የዋስትናውን ዘመንና የኃይል ፍጆታውን በመስፈርትነት ይያዙ። ሦስተኛ፣ በተማሪዎች የሚሠራ የጥገና ክፍል ይቋቋም፤ ለማሽኖቹ ዕድሜ፣ ለተማሪዎቹ ደግሞ ሙያ ይሰጣል። አራተኛ፣ ባትሪና ስክሪን ከተራው ጨረታ ተለይተው፣ በአግባቡ ሊያስወግድ ወይም ሊፈታታ ለሚችል አካል ብቻ ይተላለፉ፤ የንብረት ኃላፊውም ይህን ለማድረግ የሚያስችለው ግልጽ የጽሑፍ ሥልጣን ይኑረው።

ከአራቱ መካከል ከባዱ የመጨረሻው ነው። ማብሪያና ማጥፊያው በእያንዳንዳችን እጅ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን በአስተዳደሩ እጅ ነው። ወደዚያ መጋዘን በየዓመቱ የሚገባው ዕቃ ግዥ በምንጠይቅ መምህራን ፊርማ የመጣ ነውና ከኃላፊነቱ ነጻ አይደለንም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዛሬ ለምክር የቀረበው የሽቦ ክምር ነገ የሚጨስ የሽቦ ክምር ከመሆኑ በፊት፣ ቀጣዩን የግዥ መጠየቂያ ስንሞላ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ ይህ ዕቃ ስንት ዓመት ያገለግለናል፣ ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?