ትልቅ ሐቢላ ከመግዛታችን በፊት፦ የቤታችን ዋይፋይ ለምን ይንቀራፈፋል?

በፈተና ሰሞን ከጓደኞቻችን አፍ የማይጠፋ አቤቱታ አለ፦ «እቤት ኢንተርኔቱ አይሠራም»። ወላጆች ለ500 ሜጋቢት ይከፍላሉ፤ ልጅ ግን በዙም ሲማር የመምህሩ ድምፅ ይቆራረጥበታል፣ የቤት ሥራውም ሳይላክ ሰዓቱ ያልፋል። ከዚያ እናት ወይም አባት ለኩባንያው ያስደውላሉ። ልጅ በዕብራይስጥ ያስረዳል። ሻጩም «ከፍ ያለ ሐቢላ ውሰዱ» ይላል። የወሩ ክፍያ ይጨምራል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ፍጥነት ግን ያው ነው።

ያንን ስልክ ከመደወላችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። መስመሩና ዋይፋዩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስመሩ ከውጭ እስከ ራውተሩ የሚመጣው ነው፤ ኩባንያው የሚሸጥልንም እሱን ነው። ዋይፋዩ ደግሞ ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተራችን በአየር የሚሄደው ነው፤ እሱን የሚወስነው በአብዛኛው የቤታችን ግድግዳና የራውተሩ ቦታ ነው። ችግሩ አየሩ ላይ ከሆነ፣ መስመሩን ማሳደግ ገንዘብ ማባከን ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ሐቢላው የሚለካው በሜጋቢት ነው። ፋይል ስናወርድ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ግን ሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ የ100 ሜጋቢት መስመር ቢበዛ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ያወርዳል። «100 ከፍለን 12 ብቻ አገኘን» ብለው የሚናደዱ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ የከፈሉትን እያገኙ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የመላኪያው ፍጥነት ነው። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመቀበያው ነው። በድሮዎቹ የስልክና የኬብል መስመሮች የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው በብዙ ያንሳል። እህትና ወንድም በአንድ ሰዓት ዙም ላይ ሆነው ካሜራቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚጨናነቀው እሱ ነው። አንድ ሰው በጥሩ ጥራት ዙም ለመጠቀም 4 ሜጋቢት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ችግሩ ሁልጊዜ የትልቅ ቁጥር ማነስ አይደለም።

ሁለቴ እንለካ

መጀመሪያ ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር እናገናኝ። ሌሎቹ ስልኮችና ቴሌቪዥኑ ለጥቂት ደቂቃ ከኢንተርኔት ይውጡ። በማንኛውም የፍጥነት መለኪያ እንለካና የመቀበያውንና የመላኪያውን ቁጥር ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ እንጻፍ። ከዚያ ኬብሉን ነቅለን፣ በዚያው ላፕቶፕ፣ በምናጠናበት ክፍል በዋይፋይ እንለካ።

በኬብል የለካነው ከሐቢላው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ በክፍሉ ውስጥ በጣም ከወረደ፣ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። በኬብልም ዝቅተኛ ከሆነ ግን ጉዳዩ መስመሩ ወይም ራውተሩ ነው። በኬብል 94 ወይም 95 ላይ ሁልጊዜ የሚቆም ከሆነ፣ ኬብሉን ወይም የራውተሩን መሰኪያ እንጠርጥር፤ አሮጌ መሰኪያና የተጎዳ ኬብል ከ100 በላይ አያሳልፉም።

ማማዱ

በእኛ አካባቢ ትልቁ የዋይፋይ ጠላት ሕይወታችንን የሚጠብቀው ክፍል ነው። ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በወጣው ደንብ ምክንያት፣ አዳዲስ ቤቶች ማማድ አላቸው። ግድግዳው በብረት የታሰረ ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ በሩና የመስኮቱ መዝጊያ ብረት ናቸው። ፍንዳታንና ፍንጣሪን እንዲቋቋም የተሠራ ግድግዳ የዋይፋይን ሞገድም ያዳክማል። በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ ማማዱ የልጆች መኝታ፣ የተማሪው ማጥኛ ነው። ራውተሩ ግን ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቋል።

ይህ የትምህርት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት ብዙዎቻችን ሌሊቱን ማማድ ውስጥ አሳልፈናል። የፒኩድ ሃኦሬፍን መመሪያም ሆነ የዘመድን «ደኅና ናችሁ?» የምንጠብቀው በስልካችን ነበር። ስለዚህ ማማዱ ውስጥ ስንለካ አንዴ በሩን ከፍተን፣ አንዴ ዘግተን እንለካ።

መፍትሔው ግድግዳውን መብሳት አይደለም። የማማድ ግድግዳ በዘፈቀደ ከተበሳ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። በብዙ ማማዶች ግን ከመጀመሪያው የስልክ ወይም የቴሌቪዥን ሶኬት አለ። የሶኬቱ ቱቦ ወደ ሳሎን የሚደርስ ከሆነ፣ ባለሙያ በውስጡ የኔትወርክ ኬብል ሊያሳልፍ ይችላል። በኬብሉ ጫፍ ላይ ትንሽ የዋይፋይ ማሰራጫ ሲተከል ክፍሉ የራሱ ዋይፋይ ይኖረዋል። ያ ካልተቻለ ራውተሩን ከማማዱ በር ትይዩ፣ ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

የለሃቪሙ ቤት

ማማድ ብቻም አይደለም። ከቤርሼቫ በስተሰሜን ባለችው ለሃቪም ሁለት ጓደኞቻችን ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ ትንሽ የተማሪ ክፍል ተከራይተው ነበር። ኪራዩ ኢንተርኔትንም ይጨምራል ተብለው የአከራዩ የዋይፋይ ቁጥር ተሰጣቸው። ክፍላቸው ውስጥ ግን ፋይል መላክ እንኳ ስለማይቻል፣ ለማጥናት በባቡር ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይመላለሱ ጀመር። የራሳቸውን መስመር ለማስገባት ገንዘብ ሊያዋጡ ሲሉ ከአከራዩ ጋር ሆነው ለኩ። ራውተሩ አጠገብ ከ300 በላይ፣ እነሱ ክፍል 9። መስመሩ ምንም አልጎደለውም፤ በመካከል ሦስት ግድግዳዎች ነበሩ። በግቢው በኩል አንድ ረጅም ኬብል ተዘረጋና ነገሩ አለቀ።

በርካሽ የሚስተካከሉ ነገሮች

ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከመስታወት አጠገብና በግድግዳ ውስጥ ካለው የብረት ሳጥን እናውጣው። የቤቱ መሐል ይሻለዋል።

ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሞገድ ያሰራጫሉ። የ2.4 ጊጋኸርዙ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፣ የጎረቤቶች ራውተሮችና ማይክሮዌቭም ይረብሹታል። የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። ከራውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ከሆንን 5ቱን፣ ራቅ ካልን 2.4ቱን እንሞክር። ብዙ ፎቅ ባለው ሕንፃ በ2.4 ላይ ቻናሉን ከ1፣ 6 ወይም 11 አንዱ ላይ ማድረግ መጠላለፉን ይቀንሳል።

ሱቅ የሚሸጠው ማግዲል ትቫኽ ሁልጊዜ አይረዳም። ርካሹ ዓይነት በተቀበለበት ሞገድ መልሶ ስለሚያሰራጭ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ዋይፋዩ በደከመበት ክፍል ከተሰካ ደግሞ የደከመውን ነው የሚያባዛው። መቀመጥ ያለበት በራውተሩና በክፍሉ መካከል፣ ገና ጥሩ በሚቀበልበት ቦታ ነው።

መስመሩ ራሱ ከሆነ

በኬብል ለክተን ዝቅተኛ ከሆነ፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ለሦስት ቀን እንለካ። ማታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ከሆነ ቴክናይ መጥቶ ማየት አለበት። ስንደውል «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው» ከማለት ይልቅ «በኬብል፣ ማክሰኞ ማታ በ9 ሰዓት፣ ከ500 ሜጋቢት 60 ብቻ አገኘን» እንበል። እንዲህ ያለውን ንግግር ወደ «ከፍ ያለ ሐቢላ» ማዞር ይከብዳል።

ሒሳቡንም አብረን እንይ። ቀድሞ ታሽቲት ለአንድ ኩባንያ፣ ሳፓክ ለሌላ ይከፈል ነበር። ዛሬ ሁለቱን ከአንድ ኩባንያ መግዛት ስለሚቻል፣ ወላጆቻችን ኩባንያ ሲቀይሩ የድሮው ሳፓክ ሳይዘጋ ቀርቶ እየተከፈለው እንዳይሆን የባንክ ወረቀቱን እንመልከት።

በስልክ የተገባ ውል ካለም ጊዜ አለን። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ የተደረገን ግዢ በ14 ቀን ውስጥ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ከመጡ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ዖሊም ጊዜው 4 ወር ነው። ይህን አያቶቻችን ላይሰሙት ይችላሉ፤ ነጋሪዎቹ እኛ ነን።

በዚህ ሳምንት መጨረሻ ወደ ቤት ስንሄድ አንድ የኔትወርክ ኬብል ቦርሳችን ውስጥ እንጨምር። ቡናው እስኪፈላ ሁለቱም ልኬቶች ያልቃሉ። ቁጥሩንም ለእናታችን በአማርኛ እናስረዳት፤ ሻጩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል እኛ እቤት ላንኖር እንችላለን።