«ጊቭ አፕ» እና አንድምታው

በፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው፣ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች፣ ግስን ከመስተዋድድ ለይተው ሲናገሩ ሊቅ የሚመስሉትን ያህል፣ ሁለቱ ተጣምረው አንድ ግስ በሚሆኑበት ስፍራ ሲሰናከሉ ዘወትር ይመለከታል። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ያጠና ተማሪ ማን ምን ወደ ላይ እንደ ሰጠ ይጠይቃል፤ መዝገበ ቃላት የገለጠው ደግሞ «ተስፋ ቆረጠ» የሚለውን ፍቺ ብቻ ይዞ ይመለስና፣ «ሂ ጌቭ አፕ ድሪንኪንግ» የሚለውን «በመጠጥ ተስፋ ቆረጠ» ብሎ በመተርጐም፣ አረቄን እርግፍ አድርጎ የተወውን ምስጉን ሰው ቅቡፀ ተስፋ ያደርገዋል።

ለዚህ ደዌ ከሊቃውንቱ የአንድምታ ሥርዓት የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም። «ጊቭ አፕ» አንድም ልማዱን ተወ፣ አንድም ለአሳዳጆቹ እጁን ሰጠ፣ አንድም ወንበሩን ለሽማግሌ ለቀቀ፣ አንድም ተስፋ ቆረጠ። የልማድ ስም ቢከተለው የመጀመሪያው ነው፤ «ራሱን» የሚል ቃል በመካከሉ ቢገባ ሁለተኛው ነው፤ ምንም ሳይከተለው ብቻውን ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው። (እጁን ሰጠ ስንልስ እጁን ቆርጦ ያስረከበ ማን አለ?)

ችግሩ የጎጃም ልጅ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም፣ ባዕድ ሰውን እጅግ የሚያስቸግረው ይህ ጥምረት መሆኑን ጽፏል፤ ይኸው ሰው በ1735 የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ስለ ነበር፣ ዛሬ ከእኛው ሰቀላ ወረዳ ያለችውን የዓባይን ምንጭ አገሯን ሳይረግጥ በመጽሐፍ ያውቃት ነበር። ይህን የሰማ የሰቀላ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገበ ቃላትን እንደ አገሩ ሰው ንብረት ይገልጣል።

ተውላጠ ስም በመካከል ገብቶ «ጊቭ ኢት አፕ» ሲባል ግን ሁሉም ይደነግጣሉ። እኔም «ዝም አለ» የሚለውን በአሉታ ተናገሩ እላቸዋለሁ፤ «ዝም እንኳ አላለም» ይላሉ፤ ጥምሩን ራሳቸው ለሁለት ከፍለው በመካከሉ ሌላ ቃል ማስገባታቸውን የሚያስተውሉት ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ «ጊቭ አፕ ኢት» ብሎ የሚጽፍ ጥቂት ነው። «ጊቭ አፕ ቱ ድሪንክ» የሚለው ስሕተት ግን፣ አማርኛችን «መጠጣት ተወ» እያለ ንዑስ አንቀጹን ስለሚያቀብላቸው፣ እስከ ፈተናው ዕለት አብሮን ይሰነብታል።