«ጾም ላይ ነኝ» ወይስ «ቪጋን ነኝ»? ውጭ አገር ምግብ የሚያስመጣላችሁ ቃል የቱ ነው?

አገር ቤት ነገሩ ቀላል ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ «የጾም ምን አላችሁ?» ትላላችሁ፤ አስተናጋጁ በያይነቱ፣ ተጋቢኖ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የጾም ፓስታ እያለ ይደረድርላችኋል። «ወተት ገብቶበት ይሆን?» ብሎ የሚጨነቅ የለም። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚገባንም ነገር አንድ ነው።

ችግሩ ቦሌን ካለፋችሁ በኋላ ነው። ዱባይ ዕቃ ለማምጣት የሚሄድ አለ፣ ባንኮክ ወይም ሕንድ ቤተሰቡን ለማሳከም የሚሄድ አለ፣ ኢስታንቡል ለልብስ የሚመላለስ አለ። ረቡዕና ዓርብ ደሞ የትም ቢሆን ረቡዕና ዓርብ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ከሆነማ 55 ቀን ነው። የታመመ ሰው ይዞ ሦስት ሳምንት በሙዝና በብስኩት የሚከርም ሰው አለ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ያ ብስኩት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ወተት አለበት፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ምግብ ቤት ደሞ ንጹሕ የጾም ምግብ ይኖረዋል። የጎደለው ምግቡ ሳይሆን ቃሉ ነው።

እስቲ ከሚያሳስቱት ቃላት እንጀምር።

የመጀመሪያው «ቬጀቴሪያን» ነው። ብዙዎቻችን የጾም ማለት ይመስለናል። አይደለም። ቬጀቴሪያን ሥጋና ዓሣ አይበላም እንጂ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ ይበላል፣ አብዛኛው እንቁላልም ይበላል። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ «ቬጀቴሪያን ነኝ» ብላችሁ አይብ የሞላበት ፒዛ ቢመጣላችሁ አስተናጋጁ አላጠፋም፤ ያላችሁትን ነው ያመጣው። የኛን ጾም የሚተካው «ቪጋን» የሚለው ቃል ነው፦ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተትና የወተት ውጤት የለ። እንዲያውም ቪጋን ከኛ ይጠብቃል፣ ማርም አይበላም። (ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ እዚህ አንገባም። የምትበሉ ከሆነ ግን ለይታችሁ ተናገሩ፣ ቪጋን ካላችሁ አይመጣም።)

ሁለተኛው ወጥመድ «ጾም ላይ ነኝ» ማለት ነው። ዱባይ ወይም ጅዳ ላይ በዐረብኛ «አና ሳኢም» ካላችሁ ሰውየው የሚገባው እስከ ማታ እህል ውሃ እንደማትቀምሱ ነው። በአክብሮት ሜኑውን ይዞባችሁ ይሄዳል። ሕንድ ውስጥ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሂንዱዎች «ቭራት» የሚሉት የራሳቸው ጾም አላቸው፤ በዚያ ጾም የሚተወው በአብዛኛው ስንዴ፣ ሩዝና ጥራጥሬ ነው፣ ወተትና እርጎ ግን ይፈቀዳል። የኛ ግልባጭ ማለት ነው! «ጾም ነኝ» ብላችሁ ወተት በብርጭቆ ቢቀርብላችሁ አትገረሙ።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ክፍል እንምጣ። «ጾም» የሚለው ቃል ልክ እንደኛ የሚሠራባቸው አገሮች አሉ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን በብዛት ያለባቸው። ግብፅ ውስጥ «ሲያሚ» በሉ። ኮፕቶች የጾም ምግብን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፣ ቃሉንም ክርስቲያን ያልሆነው ምግብ ቤት ጭምር ያውቀዋል። (በአንዳንድ አጽዋማቸው ዓሣ ይፈቀዳልና ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ጠይቁ።) ካይሮ ላይ ቃሉ ባይመጣላችሁ እንኳ ኩሻሪ አለ፦ ሩዝ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሽምብራ፣ የቲማቲም ስጎ፣ ከላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል።

ሩሲያ የምትማሩ ልጆች «ፖስትኖዬ» የሚለውን ቃል ሳታውቁት አትቀሩም። በዐቢይ ጾም ወቅት ብዙ ካፌዎች «ፖስትኖዬ ሜኑ» ብለው ለብቻ ያወጣሉ። የነሱ ፋሲካ ከኛው ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ጾሙም አብሮ ይሄዳል፤ የኛ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይገባል እንጂ። ሮማኒያ «ደ ፖስት»፣ ሰርቢያ «ፖስኖ»፣ ጆርጂያ «ሳማርክቮ» ይባላል። ጆርጂያን ለብቻ እናንሳት፦ ባቄላ መሰል አደንጓሬ በሸክላ ድስት የሚሠሩት «ሎቢዮ»፣ ስፒናች ከተፈጨ ዋልነት ጋር እየተለወሰ የሚሠራው «ፕካሊ»፣ ደርበብ ያለ ደበርጃን በዋልነት... ሽሮ ለለመደ አፍ እንግዳ አይሆንም። ግሪክ «ኒስቲሲሞ» ይሉታል፤ ግን ግሪኮች በጾም ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ይበላሉ። ሰርቢያም «ፖስኖ» ካሉት ላይ ብዙ ጊዜ ዓሣ አለ። ቃሉ በር ይከፍትላችኋል፣ ሳህኑን ማየት ግን የናንተ ሥራ ነው።

ቤሩት ያላችሁ እህቶቻችን ይህን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ፦ እዚያ የሚፈለገው ቃል «ቢ ዜት» ነው፣ «በዘይት» ማለት። ሉቢያ ቢ ዜት ፎሶሊያ በቲማቲምና በወይራ ዘይት ተሠርቶ ነው፣ የክርስቲያኖቹ የጾም ምግብ ነው። የሊባኖስ ምግብ ቤት ደሞ ዱባይም፣ አውሮፓም፣ አሜሪካም አለ። ሐሙስ፣ ፉል፣ ፈላፍል፣ ታቡሌ፣ ምስርና ሩዝ አንድ ላይ የሚሠራበት ሙጀደራ... እነዚህ ላይ አትራቡም። ሙተበል ላይ ብቻ እርጎ የሚጨምሩ ስላሉ ጠይቁ።

ቱርክ ውስጥም ቁልፉ ዘይት ነው። «ዘይቲንያሊ» የሚባል የምግብ ዘር አላቸው፣ በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ አትክልት። የወይን ቅጠል ጥቅልል በዘይቲንያሊ ከሆነ ውስጡ ሩዝ ነው፣ ትኩሱ ግን ብዙ ጊዜ ሥጋ አለበት። ምግቡን በመስታወት ስር አይታችሁ በጣት የምታዝዙበት «ሎካንታ» የሚባል ቤት ግቡ፣ ቋንቋ አያስፈልግም። የምስር ሾርባው ግን ያታልላል። ምስር ስለሆነ ብቻ እመኑት ማለት አይደለም፣ በሥጋ መረቅ ወይም በቅቤ የሚሠሩት አሉ። መረቅ በቱርክኛ «ኤት ሱዩ» ነው። «ኤት ሱዩ ቫር ሙ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ «ዮክ» ካለ የለም ማለት ነው።

ባንኮክ የምትሄዱ ስልካችሁ ላይ መያዝ ያለባችሁ አንድ ቃል ነው፦ «ጄ»። ታይላንድ ውስጥ «ጄ» የተባለ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ሁሉ የለበትም፣ ይሄ ለኛ ትንሽ ይከብዳል! ምልክቱ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ነው፣ ፊደሉ 17 ቁጥር ይመስላል። ጋሪ ላይ፣ ሱቅ ላይ፣ የታሸገ ምግብ ላይ ታዩታላችሁ። በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ የጄ በዓላቸው ሲደርስ ደሞ መንገዱ ሁሉ ቢጫ ባንዲራ ይሆናል። ያለዚህ ቃል «አትክልት ብቻ» ብላችሁ ካዘዛችሁ «ናም ፕላ» የሚሉት የዓሣ ስጎ ይገባበታል፤ ለነሱ ጨው እንደማለት ስለሆነ እንደ ዓሣ አይቆጥሩትም። ፓድ ታይ ላይም እንቁላልና የደረቀ ሽሪምፕ የተለመደ ነው። ጄ ካጣችሁ ሱኩምቪት መንገድ ላይ ሶይ 3 አካባቢ የዐረብ ሰፈር አለ፤ ፉልና ፈላፍል አይጠፋም።

ሕንድ የአትክልት ምግብ አገር ነው፣ ግን የቅቤም አገር ነው። የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ክብ ነጥብ ካያችሁ ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ነው። ወተት የለበትም ማለት ግን አይደለም። «ፑር ቬጅ» የሚል ቤትም እንደዚያው። መጠየቅ ያለባችሁ «ጊ» (የነጠረ ቅቤ)፣ «ዳሂ» (እርጎ)፣ «ፓኒር» (አይብ) መኖሩን ነው። «ቢና ጊ» ማለት ያለ ቅቤ ነው። ናን የሚባለው ቂጣ ሊጡ ብዙ ጊዜ እርጎ ወይም ወተት ስላለበት ታንዱሪ ሮቲ ይሻላል፣ እሱንም ቅቤ ሳይቀቡት። ዳል ማካኒ ምስር ቢመስልም በቅቤና በክሬም የተሠራ ነው። ደቡብ ሕንድ፣ ቼናይ ወይም ባንጋሎር፣ ለሕክምና የምትሄዱ ዕድለኞች ናችሁ፦ ኢድሊ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው። ለበሽተኛም ይስማማል፣ ለሆድ ቀላል ነው።

ቻይና ላይ አጭር ነገር እንበል። የቡድሂስት ምግብ ቤቶችን ፈልጉ። ሌላው ቤት ጎመን ብላችሁ ብታዝዙ እንኳ የአሳማ ሥጋ ፍጭ ወይም የኦይስተር ስጎ ጣል ሊደረግበት ይችላል።

አውሮፕላኑን አልረሳነውም። አየር መንገዶች ለልዩ ምግብ የሚጠቀሙባቸው አራት ፊደል ያላቸው የጋራ ኮዶች አሉ። የናንተ ኮድ በእንግሊዝኛ ፊደል ቪ፣ ጂ፣ ኤም፣ ኤል ነው፣ ቪጋን ማለት ነው። ቪ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤል ወተትና እንቁላል ያለበት ነው። ኤ፣ ቪ፣ ኤም፣ ኤል የሕንድ ዓይነት ነው፣ ወተት ሊኖረው ይችላል። በአንድ ፊደል ልዩነት አይብ ትበላላችሁ ማለት ነው። ትኬት ስትቆርጡ ወይም ቡኪንጋችሁ ውስጥ ገብታችሁ ምረጡ፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ካልተነገራቸው አያዘጋጁም። በረራ ከተቀየረባችሁ ትእዛዙ አብሮ ላይተላለፍ ስለሚችል እንደገና አረጋግጡ።

ሌላው ጓደኛችሁ ስልካችሁ ነው። «ሃፒ ካው» የሚባል አፕ አለ፣ በአካባቢያችሁ ያሉ የቪጋን ምግብ ቤቶችን ያሳያል። ትርጉም ላይ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ጎግል ትራንስሌት ላይ «የጾም ምግብ» ብላችሁ አታስተርጉሙ፣ የላይኛው ጣጣ ውስጥ ነው የሚከታችሁ። በስም ዘርዝሩት፦ «ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ የሥጋ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ አልበላም። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ሩዝና ዘይት እበላለሁ።» ዶሮን ለብቻ ጻፉ፤ ዶሮን ከሥጋ የማይቆጥር አገር ብዙ ነው። ከዚያ ስክሪንሾት አንሱት፣ ኤርፖርት ላይ ዳታ ላይኖራችሁ ይችላል። «አለርጂ አለብኝ በሉ» የሚል ምክር ስንሰማ አንወደውም። ወጥ ቤቱ ለሕይወት አደጋ ነው ብሎ ይደነግጣል፣ አንዳንዱም «አናስተናግድም» ይላችኋል።

ሱፐርማርኬት ከገባችሁ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ላይ ሥራው ቀላል ነው። አለርጂ የሚያመጡ 14 ዓይነት ነገሮች የንጥረ ነገር ዝርዝሩ ላይ ጎላ ተደርገው መጻፍ አለባቸው፤ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ጄላቲን ግን ከ14ቱ ውስጥ የለም፣ እሱን ራሳችሁ ፈልጉት። እስራኤል ላይ «ፓርቬ» የሚል ካያችሁ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ እንቁላልና ዓሣ ግን ሊኖረው ይችላል።

ከቤት የምትይዙትን በተመለከተ፦ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለትራንዚት የሚያህላቸው የለም። በሶ ደሞ ሆቴል ውስጥ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ወደ አሜሪካ የምትበሩ ግን ሽሮና በሶ በእጅ ሻንጣ አትያዙ። ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፣ ካልተለየም ሊያስቀሩባችሁ ይችላሉ። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፣ ስትደርሱም ምግብ መያዛችሁን አስመዝግቡ።

የሐበሻ ምግብ ቤት ያለበት ከተማ ከደረሳችሁ፣ ዋሽንግተንም ይሁን ቴል አቪቭ፣ እዚያም ጠይቃችሁ ብሉ። ደንበኛው ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው ስለሆነ ሜኑው ላይ «ቬጂ» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ የጾም ላይሆን ይችላል፣ ሽሮውና ጎመኑ ላይ ንጥር ቅቤ ጣል የሚያደርጉ ቤቶች አሉ። እዚህ ግን ቃል መፈለግ የለባችሁም፤ «እናት፣ ሽሮዋ በዘይት ናት በቅቤ?» ብትሉ በቂ ነው።