ከመድኃኒቱ ጎን የሚፈለግ ሕክምና

በአዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚታከሙ 212 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ስለ ራሳቸው ምን እንደሚያስቡ ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ውጤት መሠረት ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 46.7 በመቶዎቹ፣ ሕዝብ የሚያወርድባቸውን ንቀት ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ደረጃ አምነው ተቀብለውታል። ችግሩ ከከተማ ይልቅ በገጠር ነዋሪዎቹ ላይ ጠንክሮ ታይቷል።

በሰሜን ሸዋ የምትገኘውን ራቤልን ለመሰለ የደጋ ከተማ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት የመንዝና የግሼ ገጠር አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ድኖ እርሻውን ቢያርስ እንኳ «ያ ያመመው» መባሉ አይቀርለትም። ለሽምግልና አይጠራም፤ ለጋብቻ ሲታሰብ ዘሩ ይጠየቃል። ቤተሰቡም አብሮ ይሸማቀቃል፦ በቡታጅራ ገጠር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሥራ ከተጠየቁት የሕሙማን ዘመዶች ሦስት አራተኛው መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ብዙዎች በሽተኛውን ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጠበል፣ ወደ ፃድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ነው። ሆስፒታል የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው።

ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላም መድኃኒቱ ለታማሚው ብቻ የሚሰማውን ድምፅ ሊያበርድ ይችላል። «እኔ ለምንም አልረባም» የሚለውን እምነት ለመንቀል ግን ሌላ ሥራ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ ከሚውሉት የንግግር ሕክምናዎች በስፋት የሚታወቀው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው። እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜላኒ ፌኔል እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳብራራችው፣ ሰው ስለ ራሱ አንድ ክፉ ፍርድ ይይዝና ከዚያ በኋላ የሚያጋጥመውን ሁሉ በዚያው ፍርድ ይመዝናል። በጎውን ይዘለዋል፤ ጥፋቱን ይቆጥራል። ፒተር ሆልና ኒኮላስ ታሪየር ይህን ፍርድ ለማረም የሚረዳ ሕክምና እንደ ስኪዞፍሬንያ ያለ ሳይኮሲስ ላለባቸው ሰዎች አመቻችተው ሙከራቸውን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ታካሚው መልካም ጠባዮቹን ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱ ጠባይ በእውን የሆነ ማስረጃ ያመጣል፤ በሳምንቱ ውስጥም አዲስ ማስረጃ ይፈልጋል።

አንድ የግሼ ገበሬ በዚህ መንገድ ቢታከም እንበል። «ታታሪ ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ በቃሉ ብዙም አያምንም። ባለሙያው «መቼ? ምን ሠርተህ?» ይለዋል። ገበሬው የገብስ ማሳውን ጎህ ሳይቀድ ማረሙን፣ የታመመች በግ አድሮ መጠበቁን ይናገራል። ያኔ እምነቱ ስንት እንደሆነ ከመቶ ይጠየቃል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም እንደገና። ባለሙያው አያሞግሰውም፤ መስካሪው ራሱ ታካሚው ነው።

ሌሎችም አሉ። በኔዘርላንድስ የተጀመረው ኮሜት የሚባለው ሥልጠና ታካሚው የኮራባቸውን ጊዜያት በምናብ፣ በሰውነት አቋምና በሙዚቃ እየታገዘ ደጋግሞ እንዲያስታውስ ያደርጋል። ፊሊፕ ያኖስ፣ ዴቪድ ሮ እና ፖል ላይሴከር የቀመሩት ኔክት ደግሞ በቡድን የሚሰጥ ነው፤ ሕሙማኑ ስለ በሽታው የሚወራውን ሐሰት ከእውነቱ ይለያሉ፣ የሕይወት ታሪካቸውንም አዲስ አድርገው ይተርካሉ። ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው።

በኢትዮጵያ የሥነ ልቦና ባለሙያ በየወረዳው አይገኝም። ስለዚህ ትኩረት የሚስበው በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተሞከረው ራይዝ የተባለ ፕሮጀክት ነው። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ደገፉ። መድኃኒት እንዳያቋርጡ ከማገዝ አልፈው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ረዷቸው፤ ከዘመድና ከመንደሩ ሰው ጋርም ተነጋገሩ። ሙከራው በዋናነት የለካው የዕለት ኑሮን የማከናወን አቅምን እንጂ ለራስ የሚሰጥ ግምትን አይደለም። ሆኖም ሁለቱ ይተሳሰራሉ፦ ሥራ የያዘና ለቅሶ የሚደርስ ሰው ለዚያ የማስረጃ ዝርዝር የሚያስመዘግበው ነገር አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው የራይዝ ውጤት፣ በስድስተኛው ወር በጤና ተቋም ብቻ ከታከሙት ጋር ጉልህ ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ የመጣው በዓመቱ ነው። በመንዝና በግሼ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ አካል በጀቱንም ሆነ ትዕግሥቱን ለስድስት ወር ብቻ ቢመድብ፣ ውጤቱ ሳይታይ ሊዘጋው ይችላል።