የሳይኮሎጂስቶች ማኅበር ለማን ይቆማል?

ካገራችን ሰው ብዙው የልቡን ምስጢር የሚገልጠው ለንስሐ አባቱ ነው። ሲናገርም አይሰጋም፤ የሰማውን ካህን የሚያስር የቤተ ክርስቲያን ሕግ መኖሩን ያውቃልና። ዳሩ ግን መንፈሱ የታወከ ሰው በክሊኒክ ሳይኮሎጂስት ፊት ተቀምጦ ያንኑ ምስጢር ሲያወጣ፣ ሰሚውን የሚያስረው ማን ነው?

አንዱ መልስ የሙያው ማኅበር ነው። ብዙዎቻችን የሙያ ማኅበር ሲባል የአባሎቹን ደመወዝና ክብር የሚያስጠብቅ ጉባኤ ብቻ ይመስለናል። ይህም አንዱ ሥራው መሆኑ አይካድም፤ ዋናው ግን አይደለም። ነገሩን ለማስረዳት የአሜሪካን የሳይኮሎጂ ማኅበር ታሪክ እንመልከት። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ማኅበሩ በ1892 ሲመሠረት የመምህራንና የተመራማሪዎች ጉባኤ ነበር። በ1896 ላይትነር ዊትመር የተባለው ምሁር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ከፈተ፤ ትምህርቱም ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ከችግረኛው ሰው ጋር ተገናኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ መንፈሳቸው ታውኮ የተመለሱትን ወታደሮች የሚረዳ ባለሙያ በብዛት አስፈለገ። በዚህም ጊዜ የማኅበሩ ሥራ ሦስት መልክ ያዘ። አንደኛው፣ ክሊኒክ ሳይኮሎጂስቶችን የሚያሠለጥኑትን ዩኒቨርሲቲዎች መርምሮ ብቁዎቹን መለየት ነው። ሁለተኛው፣ የሥነ ምግባር ደንብ ማውጣት ነው። ሦስተኛው፣ ደንቡን ተላልፏል የተባለውን አባል ክስ ሰምቶ መፍረድ፣ ጥፋቱ ከከበደም ከማኅበሩ ማስወጣት ነበር። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚነጥቀው ግን ማኅበሩ ሳይሆን፣ በየስቴቱ በሕግ የተቋቋመው ቦርድ ነው።

የደንቡ አወጣጥ ያስደንቃል። ጥቂት ሊቃውንት ለብቻቸው ተቀምጠው አልጻፉትም። በሺህ ለሚቆጠሩ አባሎች ደብዳቤ ተልኮ፣ በሥራቸው ላይ ኅሊናቸውን ያስጨነቀ እውነተኛ ጉዳይ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ከሺህ የሚበልጥ ጉዳይ ተሰበሰበ፤ ያም ተጠንቶ የመጀመሪያው ደንብ በ1953 ታተመ።

ይሁን እንጂ ደንብ መጻፍና በደንብ መኖር ልዩ ልዩ ናቸው። በ2002 ተሻሽሎ የወጣው ደንብ፣ የሙያው ግዴታ ከመንግሥት ሕግ ጋር ተጋጭቶ ሊታረቅ ካልቻለ፣ ባለሙያው ሕጉን ሊከተል ይችላል የሚል ቃል ነበረበት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። በእነዚያ ዓመታት በጓንታናሞና በሌሎች ሥፍራዎች የአሜሪካ እስረኞች እንቅልፍ እየተነፈጉ በጭካኔ ይመረመሩ ነበር። በ2005 ማኅበሩ የሰየመው ኮሚቴ፣ ሳይኮሎጂስቶች ለአገር ጸጥታ በሚደረግ ምርመራ ቢካፈሉ ከሥነ ምግባር ጋር አይጋጭም ሲል ወሰነ። ከኮሚቴው አባሎች የሚበዙት ከጦር ሠራዊቱና ከስለላ መሥሪያ ቤቶች ጋር የሥራ ግንኙነት ነበራቸው።

ከተራው አባል ግን ዝም ያላሉ ነበሩ። ለዓመታት ጻፉ፣ ተከራከሩ። በ2008 አባሎቹ ድምፅ ሰጥተው፣ ዓለም አቀፍ ሕግ በሚጣስበት እስር ቤት ሳይኮሎጂስት እስረኛውን ለመርዳት ካልሆነ በቀር እንዳይሠራ በብዙኃን ድምፅ ወሰኑ። በ2010 የደንቡ ቀዳዳ ተደፈነ፤ የሰብዓዊ መብትን መጣስ በሕግ ማሳበብ ቀረ። በመጨረሻም ማኅበሩ ራሱ ያስመረመረው የሕግ ባለሙያ፣ ዴቪድ ሆፍማን፣ በ2015 ሪፖርቱን አቀረበ። የማኅበሩ ሹማምንት ከመከላከያ ሚኒስቴር ሰዎች ጋር ተመሳጥረው የ2005ን መመሪያ ልል እንዳደረጉት፣ ዋናው ምክንያታቸውም ያን መሥሪያ ቤት ደስ ለማሰኘት እንደ ነበር ደመደመ። መሥሪያ ቤቱ ለብዙ ሳይኮሎጂስቶች እንጀራ የሚሰጥ ነውና። በዚያው ዓመት የማኅበሩ ምክር ቤት ቶሮንቶ ላይ ተሰብስቦ፣ ሳይኮሎጂስት በእንዲህ ያለው ምርመራ እንዳይካፈል በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ወሰነ፤ የተቃወመው አንድ ብቻ ነበር።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ የምንማረው ግልጽ ይመስለኛል። ማኅበሩ የአባሎቹን እንጀራ ሲያስቀድም፣ እንጀራው የቆመበትን እምነት አጎደለ። ያረሙትም ከበላይ የተላኩ ሰዎች አልነበሩም፤ ደንቡን አንብበው «ይህ ስለ እኛ ስም ለምን ተጻፈ?» ብለው የጠየቁ አባሎች ናቸው። ከመካከላችን ሳይኮሎጂ የሚያጠኑ አሉ። ነገ በማኅበር ሲሰበሰቡ፣ በአዳራሹ ያልተገኘውን፣ ምስጢሩን አምኖ የሰጣቸውን ሰው እንዲያስቡት አደራ እላለሁ።