በጎጃም መኳንንት ቤት የእልፍኝ ባሪያ ኑሮ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ሉማሜ የምትገኝበት ደጋ በ19ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የባሪያ መሸጫ ከነበረው ከባሶ ገበያ እጅግ የራቀ አይደለም። ባሶ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ በየጁቤ አካባቢ ነበረ። ከእናርያና ከከፋ የተወሰዱ ሰዎች በጉድሩ በኩል ዓባይን ተሻግረው ከወርቅ፣ ከዝባድና ከቡና ጋራ ይሸጡበት ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉትም ከዓባይ ማዶ ያለውን አገርና ንግዱን ለመያዝ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከተሸጡት መካከል በመኳንንት እልፍኝ የገባው ሰው እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሴቶቹ ይፈጫሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። የእልፍኙ አገልጋይ ግን ከጌታው አይለይም። እግር ያጥባል፤ በቅሎ ይይዛል፤ ጠመንጃና ጋሻ ተሸክሞ ይከተላል፤ ጌታው ሲጠጣ በሻማ ይጋርዳል። ጠጁንም አስቀድሞ በመዳፉ ተቀብሎ ይቀምሳል፤ መርዝ ቢኖርበት የሚሞተው እርሱ ነውና።

የስሙም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ባሪያው የተወለደበት ስም ቀርቶ ጌታው የመረጠለት ይወጣለታል። ይህም ስም አንዳንድ ጊዜ ሁለት ክፍል ያለው ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ጌታው የፊተኛውን ሲጠራ አገልጋዩ በ«አቤት» ፈንታ የኋለኛውን መልሶ ይቀርባል። እንግዲህ ሰውዬው በተጠራ ቁጥር የጌታውን ጸሎት ወይም ፉከራ ይፈጽማል ማለት ነው። ትውልዱም ውላጅ፣ ቅናጅ፣ ፍናጅ እየተባለ ይቈጠር ስለ ነበር የአያት ባርነት በልጅ ልጅ ላይ ይታወስ ነበር።

አንዳንዶች የቤተ መንግሥት አገልግሎት የሹመት መሰላል ነበረ ይላሉ። በእርግጥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በቤተ መንግሥት አድገው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነዋል። ነገር ግን የአንድ ሰው ዕድል የብዙዎቹን ኑሮ አያስረዳም፤ ለባለሥልጣን መቅረብና ነጻ መሆን የተለያዩ ናቸው።

ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ሲናገር በጦርነት የተያዘውን ባሪያ ማድረግን ይፈቅዳል። የ1916 ዓ.ም. አዋጅ ጌታው ሲሞት ባሪያው በሰባት ዓመት ውስጥ ነጻ እንዲወጣ አዘዘ፤ በ1923 ዓ.ም. ጊዜው ወደ አንድ ዓመት አጠረ፤ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ ተሻረ። እስከዚያ ድረስ ግን የአገልጋዩ ነጻነት የሚጠብቀው የጌታውን ሞት ነበር፤ ሕይወቱን በየዕለቱ የሚጠብቅለትን ሰው ሞት።