የሌቃ ነቀምቴ ጎረቤቶች

በከኒሳ ቀሴ ከነቀምቴ ሰፈሮች አንዱ ነው፤ በኬ ጃማ፣ ቡርቃ ጃቶና ጨለለቂም እንዲሁ። በከተማው የፕሮቴስታንቱ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውና መስጊድ የሚሰግደው አጥር ተጋርተው ይኖራሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ75,219 ነዋሪዎች ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ፕሮቴስታንት ነበሩ፤ ከሦስት አንድ በላዩ ኦርቶዶክስ፣ ከአሥር አንድ ያህሉ ሙስሊም።

ይህን ድብልቅ ያቀደ የለም። ጅማሬውን ብጠየቅ ግን የኩምሳን ቤተ መንግሥት አሳያለሁ። የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ሞሮዳ በከሬ እ.ኤ.አ. በ1882 ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ሲገቡ ግዛቲቱ እየገበረች በራሷ ባላባት መተዳደሯን ቀጠለች። ወርቁና የዝሆን ጥርሱ ነጋዴ ጠራ። ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ።

እኒህ ኦርቶዶክስ ደጃዝማች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1904 ወንጌላዊውን ኦነሲሞስ ነሲብን በክብር የተቀበሉት። ኦነሲሞስ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ ሰው ናቸው። ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ታትሟል። ነቀምቴ ላይ በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምሩ የኦርቶዶክስ ካህናት ከሰሷቸው፤ ነገሩ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። በነጻነት እንዲሰብኩ የተፈቀደላቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። እንግዲህ ተቻችሎ መኖር እዚህም ያለ ክርክር አልመጣም። በኋላ የስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከወጣት ሠራተኞቹ አንዱ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ለመሆን የበቁት ጉዲና ቱምሳ ነበሩ።

የቀረውን መንገዱ ሠራው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ጊምቢና አሶሳ፣ ወደ በደሌና ወደ ቡሬ የሚሄዱ መንገዶች የሚገናኙባት ናት። ቡና ጫኙ፣ ሱቅ ከፋቹ ጉራጌ፣ ከጎጃም የተሻገረው ነጋዴ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመጣው መምህር ሁሉ እዚህ ቤት ተከራየ። በገበያ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ ዋጋ ማንንም አያስገርምም። ለመስቀል አንጮቴ ሲቀቀል ጎረቤት ይጠራል፤ በለቅሶ ቤት ግን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ከብት ለየብቻው ይታረዳል። ይህ ለእኔ ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ልዩነቱን ማንም አይደብቀውም፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው።

ሁልጊዜ ሰላም ነበር ማለት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካማሺ ዞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ምሥራቅ ወለጋ ሲጎርፉ፣ ነቀምቴም መጠለያ ሆና ተቀበለቻቸው።